ባትሪ ከተነቀለ በኋላ ኮድ የሚጠይቅ የመኪና ሬዲዮ፦ ለአንድ የጎልፍ ባለቤት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል። ጠያቂው ያገለገለ አራተኛ ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ ገዝተው እየነዱ ነው። የደከመውን ባትሪ አውጥተው በአዲስ ከተኩ በኋላ፣ ከፋብሪካ ከመኪናው ጋር የመጣው ሬዲዮ ሲከፈት በመስኮቱ ላይ «ሴፍ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አሳያቸው፤ ጥቂት ቆይቶም 1000 የሚል ቁጥር መጣ። ሁለት ጊዜ በግምት ቁጥር አስገቡ። ከዚያ ወዲህ «ሴፍ» የሚለው ቃል እንዳለ ቀርቷል፤ የትኛውን መጫኛ ቢጫኑ ሬዲዮው መልስ አይሰጥም። መኪናውን የሸጡላቸው ሰው ስለ ኮዱ የሚያውቁት ነገር የለም። አንድ ወዳጃቸው ደግሞ ባትሪውን ነቅለው ቢያሳድሩት መቆለፊያው በራሱ ይጠፋል ብለዋቸዋል። ሊያውቁ የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ የወዳጃቸው ምክር ይሠራ እንደሆነ፣ ኮዱ ከየት እንደሚገኝ፣ የማይገኝ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሬዲዮ መግጠሙ ይሻል እንደሆነ።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ፣ ባትሪውን ዳግመኛ እንዳይነቅሉት፣ የሬዲዮውን ፊውዝም እንዳያወጡት፣ ተጨማሪ ቁጥርም በግምት እንዳይሞክሩ ነው። ሬዲዮዎ አልተበላሸም። የተሠራለትን ሥራ በትክክል እየሠራ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥበት ተሰርቄያለሁ ብሎ አስቧል፣ ሁለት የተሳሳተ ቁጥር ሲገባለት ደግሞ ጥርጣሬው ተረጋግጦለታል። የወዳጅዎ ምክር በቅንነት የተሰጠ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ይህን ምክር በሥራዬ ላይ ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ነገር ግን አይሠራም፤ የማይሠራበትን ምክንያት መረዳት ደግሞ ቀጥሎ የሚያደርጉትን ሁሉ ስለሚያቀልልዎ ትንሽ ላብራራው።

ከመኪናው ወደ ሬዲዮው የሚገቡ ሁለት የኤሌክትሪክ መስመሮች አሉ። አንደኛው የመኪናው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኝ ነው። ሁለተኛው መኪናው ተቆልፎ በቆመበት ሌሊት እንኳ 12 ቮልት የማይለየው፣ በቀጥታ ከባትሪው በፊውዝ በኩል የሚመጣ ነው። ሰዓቱንና ያስቀመጧቸውን ጣቢያዎች ይዞ የሚያቆየው ይህ ሁለተኛው መስመር ነው። እነዚህ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እንደተጻፈ ጽሑፍ ናቸው፤ ኃይሉ ሲቋረጥ ይጠፋሉ። የምስጢር ኮዱ ግን የሚቀመጠው በሌላ ቦታ፣ ያለ ኤሌክትሪክ ለብዙ ዓመታት የተጻፈበትን ይዞ በሚቆይ ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ ውስጥ ነው። ባትሪውን አንድ ሌሊት ቢነቅሉትም፣ አንድ ወር ቢነቅሉትም፣ ሬዲዮውን አውጥተው በመሳቢያ ውስጥ ዓመታት ቢያኖሩትም ኮዱ እዚያው ነው። ሬዲዮው ኃይል ባገኘ ጊዜ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ኃይል ተቋርጦበት እንደነበር መመርመር ነው፤ ተቋርጦ ከነበረ ይቆለፋል። ስለዚህ ኃይል ማቋረጥ የመቆለፉ ምክንያት እንጂ መፍትሔው ሊሆን አይችልም።

ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በሰፊው የተለመደው የመኪና ሬዲዮ ስርቆት በበዛበት ዘመን ነው። ሌባ ክሩስኮቱን፣ ማለትም ከመሪው ዙሪያ ያለውን የመኪናውን የፊት ሰሌዳ፣ ፈልቅቆ ሬዲዮውን ሲያወጣ ሽቦው መነቀሉ ስለማይቀር፣ ሬዲዮው በሌላ መኪና ላይ ሲገጠም ያለ ኮድ ድምፅ አይሰጥም፤ ድምፅ የማይሰጥ ሬዲዮ ደግሞ የሚገዛው የለም። ዘዴው ባለቤቱን ለመጠበቅ የታሰበ ሆኖ ሳለ፣ መኪናው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኮዱ ወረቀት አብሮ ባለመተላለፉ ዛሬ የሚቸገሩት በአብዛኛው እንደ እርስዎ ያሉ እውነተኛ ባለቤቶች መሆናቸው ያሳዝነኛል።

በግምት መሞከሩ ለምን እንደማያዋጣም በቁጥር ልንገርዎ። ባለ አራት አሃዝ ኮድ ከ0000 እስከ 9999 ድረስ 10,000 አማራጭ አለው። የእርስዎ ዓይነት ሬዲዮ ሁለት ሙከራ ፈቅዶ ከተሳሳቱ በኋላ ለአንድ ሰዓት ይቆለፋል። ሁሉንም ለመሞከር 5,000 ሰዓት፣ ማለትም ቀንና ሌሊት ሳያቋርጡ 208 ቀን ያህል ያስፈልጋል። ዕድል ረድቶዎ በግማሹ ቢያገኙት እንኳ ከሦስት ወር በላይ ነው። የተወለዱበትን ዓመት፣ የታርጋ ቁጥርን፣ 1234ን መሞከርም ከዚህ አይሻልም፤ ኮዱን የሰጠው ፋብሪካው እንጂ የቀድሞው ባለቤት አይደለም።

አሁን ሬዲዮው ያለበትን ሁኔታ በተመለከተ፣ መስኮቱ ላይ «ሴፍ» ብሎ የቀረውና ለመጫኛዎቹ መልስ የማይሰጠው በዚያ የአንድ ሰዓት ቅጣት ውስጥ ስላለ ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሬዲዮው በርቶ ሳለ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሬዲዮውን አጥፍቶ፣ መኪናውን ቆልፎ ይሄድና በማግስቱ ተመልሶ «አሁንም አልተከፈተም፣ ተበላሽቷል» ይላል። በማግስቱ የሚጠብቀው ያው አንድ ሰዓት ነው። ሌላው ደግሞ ሃምሳ ደቂቃ ታግሶ ያጠፋዋል፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጠርበታል። ስለዚህ የመኪናውን ቁልፍ አንድ ደረጃ አዙረው፣ ሞተሩን ማስነሳት ሳያስፈልግ ሬዲዮውን ይክፈቱና ሳይነኩት አንድ ሙሉ ሰዓት ይተዉት፤ እኔ ለጥንቃቄ አሥር ደቂቃ እጨምርበታለሁ። ቁልፉን በቦታው ማድረግ የሚያስፈልገው ያለ ቁልፍ የተከፈተ ሬዲዮ ባትሪውን ለማዳን ራሱን ሊያጠፋ ስለሚችል ነው። የፊት መብራትንና የአየር ማራገቢያውን አጥፍተው ከሆነ አዲስ ባትሪ ይህን ሰዓት በቀላሉ ይችለዋል፤ ባትሪው የሚያጠራጥር ከሆነ ግን ቻርጀር አያይዘውበት ቢጠብቁ ይመረጣል።

ሆኖም ይህን ሰዓት አሁን መጠበቅ አይጀምሩ። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ልዩነት አለው፤ ትክክለኛው ኮድ በእጅዎ ሳይኖር የተጠበቀ ሰዓት ከንቱ ነው፤ ኮዱን ለማግኘት ደግሞ ሬዲዮውን ማውጣት ሊያስፈልግ ስለሚችልና ሶኬቱ ከተነቀለ ቆጠራው እንደገና ስለሚጀምር፣ መጀመሪያ ኮዱን ይፈልጉ፣ ኮዱ ሲገኝ ሰዓቱን ይጠብቁ።

ፍለጋው ከወረቀት ይጀምራል። ከመኪናው ጋር የተላለፈልዎትን የመመሪያና የጥገና መጽሐፍ ገጽ በገጽ ያገላብጡ። ኮዱ አንዳንዴ በትንሽ ካርድ ላይ ሆኖ በመጽሐፉ ሽፋን ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዳንዴ በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ገጽ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ አራት አሃዝ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ የክሩስኮቱን መሳቢያ ባዶ አድርገው ግድግዳውንና ጣሪያውን በባትሪ መብራት ይዩ፤ የመተርኮሻውን ሳጥን አውጥተው ከሥሩ ይመልከቱ፤ የትርፍ ጎማው ማስቀመጫ አካባቢ የተለጠፈ ወረቀት ካለ እሱንም ያንብቡ። ከቀድሞው ባለቤት በፊት የነበረውን ባለቤት ማግኘት የሚቻል ከሆነ አንድ የስልክ ጥሪ ብዙ ድካም ያስቀራል። ይህን ሁሉ አድርገው ካላገኙ ቀጣዩ እርምጃ በሬዲዮው ብረት ላይ የተለጠፈውን መለያ ቁጥር ማንበብ ነው፤ የነገሩ ቁልፍ ያለውም እዚያ ነው።

የእርስዎ ጎልፍ ሬዲዮ ከፊቱ ላይ በግራና በቀኝ ጠባብ ስንጥቆች አሉት። በእነዚህ ውስጥ የሚገቡ፣ ለዚሁ ሥራ የተሠሩ ስስ ጠፍጣፋ ማውጫ ብረቶች አሉ፤ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ አይጠፉም። በካቻቢቴ ወይም በቢላ ለመፈልቀቅ አይሞክሩ፤ የክሩስኮቱ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል፣ ውስጥ ያለው መያዣ ሞላም ይጣመማል፤ ያን ጊዜ በትክክለኛው መሣሪያም ቢሆን ለማውጣት ያስቸግራል። ማውጫዎቹን ቀስ ብለው ይግፏቸው፤ እያንዳንዱ ቦታውን ሲይዝ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ በጣትዎም ይታወቅዎታል። ሁሉም ከያዙ በኋላ በሁለት እጅ እኩል ወደ ራስዎ ይሳቡ። ሬዲዮው ሳይንጋደድ ቀጥ ብሎ መምጣት አለበት። ከኋላው ያሉት ሽቦዎች በአብዛኛው አንድ ስንዝር ያህል ያንቀሳቅሱታል፤ መለያው የተለጠፈው በጎኑ ወይም በላዩ ከሆነ ሶኬቱን ጨርሶ ሳይነቅሉ፣ ስልክዎን በክፍተቱ አስገብተው ፎቶ ማንሳት ይበቃል።

በሬዲዮው ላይ በተለጠፈው መለያ ወረቀት ከአንድ በላይ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ይህን «እናንተ» ያልኩት ጠያቂውን ብቻ ሳይሆን ተመሳሳይ ሬዲዮ ያላችሁን ሁሉ ስለሚመለከት ነው። አንደኛው የዕቃው ዓይነት መለያ ነው፤ በመካከሉ 035 የሚሉ አሃዞች ስላሉበት ይታወቃል። ይህ ቁጥር በሺህ የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ሬዲዮዎች ሁሉ የሚጋሩት በመሆኑ ለኮድ ፍለጋ አይረባም፤ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚልኩት እሱን ነው። የሚፈለገው በቪ፣ በደብሊውና በዜድ ፊደላት የሚጀምረው ባለ 14 ምልክት ቁጥር ነው፤ በዓለም ላይ ለዚያች አንዲት ሬዲዮ ብቻ የተሰጠ ነው። በኦዲ ሬዲዮ ላይ ኤ፣ ዩ፣ ዜድ፣ በስኮዳ ላይ ኤስ፣ ኬ፣ ዜድ፣ በሴያት ላይ ኤስ፣ ኢ፣ ዜድ ብሎ ይጀምራል። ሲጽፉት ዜሮን ከኦ ፊደል፣ 8ን ከቢ፣ 2ን ከዜድ እንዳያምታቱ፤ አንድ ምልክት ከተሳሳተ የሚመጣልዎት የሌላ ሰው ሬዲዮ ኮድ ነው፣ ከሁለቱ ሙከራዎችዎ አንዱም በከንቱ ይሄዳል። እጅዎን ከማመን ፎቶውን ይመኑ።

ሬዲዮውን ከሳቡት አይቀር የብረቱን ላይና ታች በደንብ ይዩት። ከዓመታት በፊት አንዲት ባለ መኪና ሬዲዮዋን ይዛልኝ መጣች፤ ቺፑን ለማንበብ ሽፋኑን ልፈታ ስል ከአቧራው ሥር በእርሳስ የተጻፈ አራት አሃዝ አየሁ። አንድ የማላውቀው መካኒክ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እንዳይቸገር ብሎ ጽፎት ሄዷል። አስገባነው፤ ሬዲዮው በመጀመሪያው ሙከራ ዘፈነ። ያንን ሰው ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ብረቱን በጨርቅ ሳልጠርግና ሳላነብ ወደ ሌላ ሥራ አልገባም።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ያለው ቀጥተኛው መንገድ የአምራቹ ሕጋዊ ወኪል ነው። የሬዲዮውን መለያ ቁጥር፣ በፊት መስታወቱ ሥር የሚነበበውን ባለ 17 ምልክት የሻንሲ ቁጥር፣ የመኪናውን የባለቤትነት ሰነድና መታወቂያዎን ይዘው ይሂዱ። ሰነድ መጠየቁ አያስቀይምዎ፤ ያለ ሰነድ ኮድ የሚሰጥ ወኪል ቢኖር ኖሮ ኮዱ ራሱ ትርጉም አይኖረውም ነበር። ሬዲዮው በመሃል ተቀይሮ ከሌላ መኪና የመጣ ከሆነ በሻንሲው ቁጥር ብቻ የሚገኘው ኮድ የመጀመሪያው ሬዲዮ ኮድ ይሆናል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የሬዲዮውን ቁጥር ራሱን ያስቀድሙ።

ሁለተኛው መንገድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነው። ከላይ የነገርኩዎ ኮዱን የያዘው ቺፕ ስምንት እግር ያለው፣ ከጥፍር የሚያንስ ጥቁር ዕቃ ነው፤ በብዙ ሬዲዮዎች ውስጥ በ24ሲ ወይም በ93ሲ ከሚጀምሩት ቤተሰቦች አንዱ ነው። ባለሙያው ማንበቢያ መሣሪያ አያይዞበት ውስጡ የተጻፈውን ያወጣል፣ ኮዱ ያለበትን ቦታም ለይቶ ያነባል። ሥራው ለለመደው አጭር ነው፤ ላልለመደው ግን ቺፑን የማቃጠል ወይም የተጻፈበትን የማጥፋት አደጋ አለው፣ ያ ከሆነ ደግሞ ወኪሉም ሊረዳዎት አይችልም። ስለዚህ «ይህን ዓይነት ሬዲዮ ከዚህ በፊት አንብበሃል?» ብለው ይጠይቁት፤ ከመነካካቱ በፊት ያነበበውን ሙሉ ቅጂ እንዲያስቀምጥም ያሳስቡት።

ሦስተኛው በኢንተርኔት ላይ ኮድ እንሰጣለን የሚሉት ናቸው። ሁሉም አጭበርባሪዎች አይደሉም። በአንዳንድ አምራቾች ሬዲዮ ላይ ኮዱ ከመለያ ቁጥሩ በሒሳብ የሚሰላ በመሆኑ ስሌቱን የሚያውቅ ሰው በቅጽበት ያወጣዋል። ይሁን እንጂ የሻንሲ ቁጥርዎን፣ የመታወቂያዎን ፎቶና ክፍያዎን ለማያውቁት ሰው ከመላክዎ በፊት ወኪሉን ይሞክሩ። ክፍያ ከተቀበሉ በኋላ የማይሠራ ቁጥር ልከው የጠፉ ሰዎች እንዳሉ ከገጠማቸው ደንበኞች ሰምቻለሁ።

አሁን ኮዱ በእጅዎ አለ፣ አንድ ሰዓቱም አልፏል እንበል። ሬዲዮውን ሲከፍቱ «ሴፍ» ይልና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ 1000 ያመጣል። ይህ 1000 ማስገቢያ ቦታው እንጂ ኮድ አይደለም። የጣቢያ መጫኛዎቹ ከ1 እስከ 4 ያሉት እያንዳንዳቸው አንድ አሃዝ ይይዛሉ፤ አንደኛው የመጀመሪያውን አሃዝ፣ ሁለተኛው ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያለ። በተጫኑ ቁጥር አሃዙ በአንድ ይጨምራል። ቢያልፍዎት አይደንግጡ፤ ዞሮ እስኪመጣ መጫን ነው፣ እስካላጸደቁት ድረስ እንደ ሙከራ አይቆጠርም። አራቱም አሃዞች ልክ መሆናቸውን ከወረቀትዎ ጋር ካመሳከሩ በኋላ የጣቢያ መፈለጊያውን ቀኝ ጎን ከሁለት ሰከንድ በላይ ተጭነው ይያዙ። «ሴፍ» እንደገና ብልጭ ሊል ይችላል፤ ከዚያ ጣቢያ ይመጣል። በዕድሜ በገፉት የዚሁ አምራች ሬዲዮዎች ላይ 1000 በራሱ አይመጣም፤ ሁለት መጫኛዎችን አንድ ላይ ይዞ መጥራት ያስፈልጋል። እዚያ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ 1000 ከመጣ በኋላ ሁለቱን መጫኛዎች ዳግመኛ አንድ ላይ ከያዟቸው ሬዲዮው 1000ን ራሱን እንደ ኮድ ይቀበለውና ስህተት ብሎ ይቆጥረዋል። ሰው ምንም ሳይሞክር ሙከራው ያለቀበት የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄው የጎልፍ ቢሆንም የሌሎች መኪናዎች ባለቤቶችም ማንበባቸው ስለማይቀር ጥቂት ልጨምር። ሆንዳ ላይ ኮዱ ብዙ ጊዜ ባለ አምስት አሃዝ ሲሆን በቀጥታ በጣቢያ መጫኛዎቹ ይገባል። መሃል ላይ ከተሳሳቱ አቋርጠው አይጀምሩ፤ አምስቱን ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ያስገቡ። አሥር ሙከራ ይፈቀዳል፣ ከዚያ ሬዲዮው በርቶ አንድ ሰዓት መቆየት አለበት። በብዙ ሆንዳዎች 1ንና 6ን አንድ ላይ ይዘው ሬዲዮውን ሲከፍቱት መለያ ቁጥሩ በመስኮቱ ላይ ይነበባል፤ በበርካታ የፎርድ ሬዲዮዎችም እነዚሁ ሁለት መጫኛዎች ተይዘው ሲቆዩ በቪ ወይም በኤም ፊደል የሚጀምርና ስድስት አሃዝ የሚከተለው ቁጥር ይታያል፣ ማውጣትም አያስፈልግም። ሬኖ ላይ የሚፈለገው በመለያው ላይ ያለው አንድ ፊደልና ሦስት አሃዝ ነው። ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ግን የየመኪናውን መመሪያ ማንበብ ይገባል፤ የሚፈቀደው ሙከራና የሚጠበቀው ጊዜ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። አዳዲሶቹ መኪናዎች ደግሞ ሬዲዮው ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ስለሚተዋወቅ፣ ባትሪው ተነቅሎ ሲመለስ በዚያው መኪና ላይ እስካለ ድረስ ኮድ ሳይጠይቅ ራሱን ይከፍታል።

ኮዱን በትክክል አስገብተው ሬዲዮው ከተከፈተ በኋላ በማግስቱ እንደገና «ሴፍ» ካለ ችግሩ ከኮዱ አይደለም፤ ያ ሁልጊዜ ኃይል ሊኖረው የሚገባው መስመር የሆነ ቦታ ላይ ተቋርጧል ማለት ነው። ባትሪው አዲስ በመሆኑ በመጀመሪያ የምጠረጥረው የባትሪው ተርሚናል በደንብ አለመጥበቁን ነው፤ በእጅ ሲነካ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ይለቅና ሬዲዮው ባትሪ እንደተነቀለ ይቆጥረዋል። ተርሚናሉ ደህና ከሆነ ፊውዙን፣ ከዚያ በቴስተር ሶኬቱን ይዩ። ቁልፉ ወጥቶ ሳለ 12 ቮልት አካባቢ የሚያሳይ አንድ መስመር መኖር አለበት።

ወደፊት ባትሪ መንቀል ሲኖርብዎ ኮዱን አስቀድመው ይዘው ከሆነ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ኔጋቲቩን መጀመሪያ ይንቀሉ፣ ሲመልሱ መጨረሻ ላይ ያስሩት፤ ፖዘቲቩን አስቀድመው ሲፈቱ መፍቻው የመኪናውን አካል ከነካ ብልጭታው መፍቻን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ኃይሉ ጨርሶ እንዳይቋረጥ ለሚፈልጉ በምርመራ ሶኬቱ (የሞተር መመርመሪያ ኮምፒውተር በሚሰካበት) በኩል ትንሽ ባትሪ የሚያያዝበት መሣሪያ አለ፤ የሶኬቱ 16ኛ እግር ሁልጊዜ ፖዘቲቭ፣ 4ኛውና 5ኛው ኔጋቲቭ ናቸው። በሲጋራ ማቀጣጠያው የሚሰካው ዓይነት ግን ቁልፍ ሲወጣ ያ ማቀጣጠያ ኃይል በሚያጣባቸው መኪናዎች ላይ አይሠራም። መሣሪያው ተሰክቶ ሳለ የተነቀለው የፖዘቲቭ ገመድ ራስ ኃይል እንዳለው አይርሱ፤ በደረቅ ጨርቅ ወይም በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡት። በሩንም ዝጉ፤ የውስጥ መብራቱ ብቻውን ያንን ትንሽ ባትሪ ሊጨርሰው ይችላል። ኮዱን ደግሞ ከመኪናው ውጭ፣ ሲፈልጉት በሚያገኙበት ቦታ ይጻፉት። በክሩስኮቱ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ኮድ ለሌባውም እኩል ይጠቅማል።

በመጨረሻ ስለ ሦስተኛው ጥያቄዎ። ወኪሉም ባለሙያውም ካልረዱዎት፣ ወይም ከሬዲዮው ሬዲዮነት በላይ ስልክ ማገናኘትና የኋላ ካሜራ የሚፈልጉ ከሆነ ሌላ መግጠሙ ነውር የለበትም። ነገር ግን ያገለገለ የፋብሪካ ሬዲዮ ከገዙ እሱም የራሱን ኮድ መጠየቁ ስለማይቀር ኮዱን ከሻጩ ሳይቀበሉ ክፍያ አይፈጽሙ፤ ተቆልፎ የቀረበልዎን ሬዲዮም ከየት እንደመጣ ሳያጣሩ አይግዙ። አዲስ ከገዙ ደግሞ የጎልፍ ሶኬት ሦስት ነገር ይፈልጋል። መደበኛው አቀማመጥ በኃይል ሶኬቱ ላይ 4ኛውን እግር ሁልጊዜ ኃይል ያለው፣ 7ኛውን በቁልፍ የሚከፈት ያደርገዋል፤ በቮልስዋገን ላይ ሁለቱ ተቀያይረው ይገኛሉ። ሳይስተካከል ከተሰካ አዲሱ ሬዲዮ ቁልፍ በወጣ ቁጥር ሰዓቱንና ጣቢያውን ይረሳል፣ ገጣሚውም ዕቃው ብልሽት አለበት ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ብዙ አዳዲስ ሬዲዮዎች ቢጫውንና ቀዩን ሽቦ ለማቀያየር የሚነቀል መገናኛ ስላላቸው ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው። በዚያው ሶኬት ላይ 3ኛው እግር የመኪናው የምርመራ መስመር ነው፤ ከአዲሱ ሬዲዮ ጋር እንዳይነካካ አውጥተው በቴፕ ይጠቅልሉት፣ አለዚያ በሌላ ጊዜ ሞተሩን በኮምፒውተር ሲያስመረምሩ መሣሪያው ከመኪናው ጋር አልነጋገር ሊል ይችላል። የጣሪያው አንቴና ደግሞ ማጉያው ኃይል የሚያገኘው በራሱ በአንቴናው ገመድ በኩል ነው፤ ለዚህ የተሠራውን ትንሽ ማገናኛ ሳያስገቡ ከገጠሙ ጣቢያዎቹ እየራቁና እየተንጫጩ ይመጣሉ።